ገቺ የአንጎል ሴሎች እንዴት እኩል እንደሚመቱ በጭብጨባ ማሳየት

በአንጎላችን ቅርፊት ካሉት ነርቭ ሴሎች አንድ አምስተኛ ያህል የሚሆኑት ሥራቸው ማነቃቃት ሳይሆን መግታት ነው። ጋባ የሚባል ኬሚካል ለቀው ጎረቤቶቻቸውን ለአጭር ጊዜ ጸጥ ያሰኛሉ። የሚገርመው ግን እነዚሁ ሴሎች እርስ በርስ ሲገታቱ በሰከንድ ከ30 እስከ 80 ጊዜ የሚመታ ጋማ የተባለ የጋራ ምት ይወልዳሉ። ዝም የሚያሰኝ ነገር እንዴት አንድ ላይ ያስመታል? ይህን ከሰሌዳ ይልቅ በልጆች እጅ ማሳየት ይቀላል። ደብረ ማርቆስም ሆነ ሞጣ፣ አሥራ ሁለት ያህል ተማሪዎችና አንድ ባዶ ክፍል ይበቃሉ።

መጀመሪያ ልጆቹን በክብ አስቀምጡ፤ እንዳይተያዩ ፊታቸውን ወደ ውጭ ያዙሩ። በእኛ በጎጃም ጭብጨባ ከበሮን መከተል የለመደ ስለሆነ አንዱ ሳያውቀው መሪ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መሪ እንደሌለ አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ። የሙከራው ነፍስ እዚህ ላይ ናት።

ቀጥሎ ሁሉም መዳፋቸውን ከጉልበታቸው እስከ ትከሻቸው ቀስ ብለው ያንሱ፤ ትከሻ ሲደርሱ አንዴ አጨብጭበው ወደ ጉልበት ይመልሱና እንደገና ይጀምሩ። መነሻቸው ይለያይ። ድምፁ የተበታተነ ይሆናል። ይህንም ቀጥሎ የሚመጣውንም እያንዳንዱን ዙር በስልክ ቅዱ፤ ኋላ ማነጻጸሪያ ይሆናችኋል።

አሁን መግታትን አስገቡ። ጭብጨባ የሰማ ሁሉ፣ ያጨበጨበውም ጭምር፣ እጁን ወዲያው ወደ ጉልበቱ ይመልስ፤ በልቡ እስከ ሦስት ቆጥሮ እንደገና ያንሳ። እዚህ ላይ አንድ ልጅ ለይታችሁ ተመልከቱ። እጇ ደረቷን አልፎ ለማጨብጨብ ትንሽ ሲቀራት ከወዲያ ማዶ ጭብጨባ ይሰማል፤ እጇ ይወርዳል፣ የቀደመችው ርቀት ሁሉ ይሰረዛል። ገና ከጉልበቱ የተነሳውም ልጅ እዚያው ነው። ቆጠራው ሲያልቅ ሁለቱ ከአንድ ቦታ ይነሳሉ። ከጥቂት ዙር በኋላ ጭብጨባዎቹ ይጠጋጋሉ። ያገናኛቸው ግፊት አይደለም፤ አብረው ታግደው አብረው መለቀቃቸው ነው። በአንጎልም የጋባ ተጽዕኖ በ10 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ እየደከመ ሲሄድ ሴሎቹ በተቀራራቢ ጊዜ ይለቀቃሉ።

ከዚያ መግታቱን አድክሙ፤ ጭብጨባ ሲሰማ እጅ አንድ ስንዝር ብቻ ይውረድ፣ ቆጠራም ይቅር። የድሮው ልዩነት ስላልተሰረዘ ጭብጨባው መልሶ ይበተናል። መግታቱ በቂ ጉልበትና ቆይታ ከሌለው አያስተባብርም።

እጅ ወደ ጉልበት ተመልሶ እስከ ሦስት ወደሚቆጠርበት ሕግ ተመለሱና ሦስት ልጆች በእጥፍ ፍጥነት እንዲያነሱ ንገሯቸው። ዘገምተኞቹ ትከሻ ሳይደርሱ ደጋግመው ይታገዳሉ፤ አንዳንዶቹ ጨርሶ አያጨበጭቡም። ተመራማሪዎቹ ዋንግና ቡዛኪ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት የኮምፒውተር ሞዴል የሴሎቹ መነቃቃት ትንሽ ሲለያይ ምቱ በቀላሉ ይፈርስ ነበር። አንጎል ለዚህ አንድ መላ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 እንደታየው ብዙ ገቺ ሴሎች በኤሌክትሪክ መገናኛ በቀጥታ ተያይዘዋል። ጎረቤታሞች ክርናቸውን አቆላልፈው ይድገሙት፤ ፈጣኑ ዘገምተኛውን ይጎትታል፣ ዘገምተኛውም ፈጣኑን ያረጋጋል።

በመጨረሻ ቆጠራውን እስከ ስድስት አራዝሙ። ምቱ ይዘገያል። ባርቢቹሬት የሚባሉት ማደንዘዣዎች የጋባን ቆይታ ስለሚያስረዝሙ በአንጎል ላይም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋሉ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1995 ዊቲንግተን፣ ትራውብና ጄፍሪስ ሂፖካምፐስ ከሚባለው የአይጥ አንጎል ክፍል በተወሰደ ቁራጭ ላይ አሳይተዋል። ፈጣኑን የማነቃቂያ መልእክት በመድኃኒት ዘግተውም ገቺዎቹ ብቻቸውን በሰከንድ 40 ጊዜ ያህል መቱ። ቅጂዎቹን በተከታታይ አሰሙና የትኛው ሕግ የትኛውን ድምፅ እንዳወጣ ልጆቹ ራሳቸው ይለዩ።