ኤምዲ5ን ለምን እንጠቀምበት፣ ለምንስ እንተወው?

በአራት ኪሎ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ስካን ያደረጋቸውን መዛግብት በዲስክ ቀድቶ ለገሃር ወደሚገኘው ቅርንጫፉ ሲልክ፣ የደረሰው ፋይል የተላከው ራሱ መሆኑን በኤምዲ5 ማረጋገጥ ይችላል። ሮናልድ ሪቨስት እ.ኤ.አ. በ1991 የቀረጸው ይህ የሃሽ ስልት የማንኛውንም ፋይል ይዘት ሃሽ ወደሚባል የ128 ቢት አጭር አሻራ ያጠቃልላል፤ ውጤቱም በ32 ምልክቶች ይጻፋል።

ስጋትዎ የተበላሸ ፍላሽ፣ የተቋረጠ ኮፒ ወይም ያረጀ ዲስክ ከሆነ ኤምዲ5 ዛሬም በቂ ነው፤ ፈጣን በመሆኑ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ እንኳ ሥራ አያጓትትም። ከመላክዎ በፊት የእያንዳንዱን ፋይል ሃሽ ያስሉ፤ ዝርዝሩንም አትመው በፊርማና በማኅተም ለተቀባዩ ይላኩ፤ እርሱም በራሱ ማሽን ዳግም አስልቶ ያመሳክር። ዝርዝሩን እዚያው ዲስክ ላይ ብቻ ማስቀመጥ አይበቃም፤ ፋይሉን የሚለውጥ ሰው ዝርዝሩንም ይለውጠዋልና።

ስጋትዎ ሆን ብሎ የሚያጭበረብር ሰው ከሆነ ግን ኤምዲ5ን አይመኑት። እ.ኤ.አ. በ2004 ቻይናዊቷ የምስጠራ ተመራማሪ ሺያውዩን ዋንግና ባልደረቦቿ ሃሻቸው አንድ የሆነ የተለያዩ መልእክቶችን አሳይተዋል፤ ዛሬ ይህን በተራ ላፕቶፕ በሰከንዶች መሥራት ይቻላል። በመሆኑም ውል የሚያረቅ ሰው ሃሻቸው የሚገጥም ሁለት ቅጂዎች አዘጋጅቶ አንዱን አስፈርሞ ኋላ ሌላውን ሊያቀርብ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተደረሰበት ፍሌም የተባለው የስለላ ቫይረስም የማይክሮሶፍትን ፊርማ አስመስሎ ያለፈው በዚሁ ድክመት ነው። በአንጻሩ በቅን ሰው ተዘጋጅቶ ሃሹ አስቀድሞ ለተመዘገበ ፋይል ሃሹ የሚገጥም ሌላ ፋይል መፍጠር እስካሁን በተግባር አልተቻለም። ስለዚህ የቀድሞ መዛግብትዎን ሃሽ አይጣሉት፤ ኤስኤችኤ-256 የተባለውን ጠንካራ የሃሽ ስልት ይጨምሩበት እንጂ። ኤስኤችኤ-1 ወደተባለው የቆየ ስልት መሸጋገር ግን ከንቱ ድካም ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ2017 ተሰብሯል።

የይለፍ ቃልን በኤምዲ5 ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም። ለፋይል የጠቀመን ፍጥነት እዚህ የሚያገለግለው ሌባውን ነው፤ አንድ ግራፊክስ ካርድ በሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ግምቶችን ይሞክራልና። ሥርዓቱን ለይለፍ ቃል ሲባል ሆን ተብሎ ዝግ እንዲሉ ወደተሠሩት ወደ አርጎን2 ወይም ወደ ቢክሪፕት ያሸጋግሩ። ተጠቃሚዎች የይለፍ ቃላቸውን እስኪቀይሩ መጠበቅ አያስፈልግም፦ የተቀመጠውን የኤምዲ5 ውጤት ዛሬውኑ በአርጎን2 ደግመው ያስሉት፤ ባለቤቱ ሲገባ ደግሞ በቀጥታ ከይለፍ ቃሉ አስልተው ይተኩት። የኤምዲ5 ውጤቶቹ የተቀመጡበት አሮጌው ሠንጠረዥ በመጠባበቂያ ዲስኮች ላይ ካለ ከዚያም ያጥፉት።