ስለ ጦር መሣሪያ ቁጥጥር ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ ጦር መሣሪያ ቁጥጥር የሚጻፉ የክርክር ጽሑፎችን ማንበብና ማረም የዘወትር ሥራዬ ነው። አብዛኞቹ ጸሐፊዎች ወጣቶች ናቸው፤ ከፊሎቹ ቁጥጥሩ እንዲጠብቅ፣ ከፊሎቹ ደግሞ መሣሪያ የመያዝ መብት እንዳይነካ ይሟገታሉ። በሁለቱም ወገን ቅንነት አይቻለሁ። የሚደጋገሙት ስህተቶች ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ጉዳዩም የሰው ሕይወት በመሆኑ በዝምታ ላልፋቸው አልቻልኩም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ማን እንደ ሞተ ሳይጠይቁ ስለ ሞት መጻፍ ነው። ጽሑፉ በትምህርት ቤት ወይም በገበያ ማዕከል በተፈጸመ የጅምላ ግድያ ይጀምርና እስከ መጨረሻው ከዚያው ሳይወጣ ያልቃል። የጅምላ ግድያ አሰቃቂ ነው፤ ሊጻፍበትም ይገባል። ነገር ግን ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የሚነሣባትን አሜሪካን ብንወስድ፣ በ2021 በጥይት ከሞቱት 48,830 ሰዎች መካከል 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ነበሩ። በሌላ ሰው የተገደሉት 20,958 ሲሆኑ፣ በጅምላ ግድያ የሞቱት ከእነዚህ ውስጥ ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ሟቾች ጨርሶ ያላነሣ ጽሑፍ፣ አጻጻፉ የፈለገውን ያህል ቢያምር፣ ዋናውን ጉዳይ ስቶታል።

ይህን በጠቆምኩ ቁጥር የሚመጣልኝ መልስ አንድ ነው፤ «ሊሞት የቆረጠ ሰው መሣሪያ ቢያጣ ሌላ መንገድ አያጣም» ይሉኛል። ይህን ዓረፍተ ነገር ባገኘሁበት ሁሉ እሰርዘዋለሁ፤ ምክንያቱም ለጆሮ እውነት ይምሰል እንጂ በማስረጃ ፊት አይቆምም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ በብዙ ሰዎች ላይ የሚበረታው ለአጭር ጊዜ፣ አንዳንዴም ለደቂቃዎች ወይም ለሰዓታት ያህል ነው፤ ያን ጊዜ በሕይወት የተሻገረ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ በራሱ እጅ አይሞትም። ጦር መሣሪያ የሚነሣው ይህንኑ ሁለተኛ ዕድል ነው፤ በእርሱ ከሚሞክሩት አሥር ሰዎች ዘጠኙ ያህል አይተርፉም። የእስራኤል ጦር በ2006 ወታደሮቹ ለሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ጠመንጃቸውን በካምፕ ትተው እንዲወጡ ማድረግ ጀመረ፤ በወታደሮቹ መካከል የነበረው ራስን የማጥፋት መጠንም በ40 በመቶ ያህል ቀነሰ። መቀነሱ ብቻ ሳይሆን የቀነሰበት ቀን ልብ ሊባል ይገባል። ለውጡ በአብዛኛው የታየው በሳምንቱ መጨረሻ ሲሆን በሌሎቹ ቀናት ጉልህ ልዩነት አልነበረም። «ሌላ መንገድ አያጣም» የሚለው ክርክር ትክክል ቢሆን ኖሮ የሳምንቱ መጨረሻ ሞት በሌላ መንገድ ወይም በሌላ ቀን በተተካ ነበር፤ አልተተካም። ስዊዘርላንድም በ2003 ሠራዊቷን በግማሽ ያህል ስትቀንስ በየቤቱ የሚቀመጠው የወታደር ጠመንጃ አነሰ፤ ለውትድርና በሚፈለገው የዕድሜ ክልል ባሉት ወንዶች ዘንድም ራስን ማጥፋት ቀነሰ። ወደ ሌላ መንገድ የዞረው በመሣሪያ ከቀረው ሞት ሩብ እንኳ አልሞላም።

በዚህ የተሳሳተ ሰው ስለ መፍትሔውም መሳሳቱ አይቀርም። ገጾቹን ሁሉ በአንድ የጠመንጃ ዓይነት መታገድ ወይም አለመታገድ ላይ ያውላቸዋል፤ በግዢና በርክክብ መካከል ስለሚኖር የጥበቃ ጊዜ፣ መሣሪያን ቆልፎ ስለማስቀመጥ፣ በችግር ላይ ካለ ሰው መሣሪያን ለጊዜው ስለማራቅ ግን አንድ መስመር አይጽፍም። እነዚህን ጉዳዮች ከመሣሪያ ባለቤቶች ጋር ተቃቅሮ ማሰብም አያስፈልግም። በአሜሪካዋ የኒው ሃምፕሻየር ግዛት በ2009 ሦስት ሰዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአንድ መደብር በተገዛ መሣሪያ፣ ከገዙ በሰዓታት ልዩነት፣ ራሳቸውን አጠፉ። ከዚያ በኋላ የመሣሪያ ነጋዴዎችና የጤና ባለሙያዎች አብረው ተቀምጠው፣ ሻጮች አደጋ ላይ ያለን ደንበኛ እንዴት ሊያስተውሉ እንደሚችሉና መቼ ሽያጭ መከልከል እንዳለባቸው የሚያስረዳ መመሪያ አዘጋጁ። ሕግ አላስገደዳቸውም። ለዚህም ነው ለወጣቶቹ ጸሐፊዎች ይህን ታሪክ ደጋግሜ የማነሣላቸው። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው በቤቱ መሣሪያ ካለና ከቤተሰቡ አንዱ በከባድ ኀዘን ወይም ጭንቀት ውስጥ ካለ፣ መሣሪያው ለጊዜው ከቤት ይውጣ። ይህ ካልተቻለ መሣሪያውና ጥይቱ ለየብቻ ተቆልፈው ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ይሁን፤ የተጨነቀውም ሰው ብቻውን አይተው፣ የሕክምና ርዳታም ያግኝ።

ሁለተኛው ስህተት የአንድ አገር ስም ጠርቶ ክርክሩ የተዘጋ ይመስል ማረፍ ነው። «ስዊዘርላንድ ውስጥ በየቤቱ ጠመንጃ አለ፤ ሆኖም ሰላም ነው» የሚለው አባባል የተለመደ ነው። ስሞል አርምስ ሰርቬይ የተባለው የጦር መሣሪያ ጥናት ተቋም በ2018 ባወጣው ግምት መሠረት ስዊዘርላንድ ውስጥ ለ100 ነዋሪዎች 28 ያህል መሣሪያ በሲቪሎች እጅ ይገኝ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ 120 ያህል። የወታደር ጠመንጃ ይዞ ወደ ቤት የሚሄደው ሰው በውትድርና ሥልጠና ያለፈ ነው፤ ከ2007 ጀምሮ ደግሞ ቤት ይቀመጥ የነበረው የጦሩ ጥይት እንዲመለስ ተደርጓል። በ2019ም ሕዝቡ በድምፁ የመሣሪያ ሕጉ እንዲጠብቅ ወስኗል። ስለዚህ ያ ምሳሌ የሚያስረዳው ብዙ መሣሪያ ከብዙ ደንብ ጋር አብሮ ሊኖር መቻሉን ነው። በተቃራኒው፣ በ2022 የጃፓን የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ በቤት ውስጥ በተሠራ መሣሪያ መገደላቸውን ጠቅሶ የጃፓን ጥብቅ ሕግ ከንቱ ነው ማለትም አንድን ክስተት እንደ ልማድ መቁጠር ነው።

ከዚህ ጋር የሚቀራረበው ስህተት የሕጉን ስም እንጂ ይዘቱን አለማወቅ ነው። በአውስትራሊያዋ ፖርት አርተር በሚያዝያ 1996 35 ሰዎች በጥይት ከተገደሉ ከ12 ቀናት በኋላ የክፍላተ አገሩ መንግሥታት በአገር አቀፍ የመሣሪያ ቁጥጥር ስምምነት ላይ መድረሳቸው እውነት ነው፤ ወደ 650,000 የሚጠጋ መሣሪያ በካሣ ተሰብስቦ መወገዱም እንዲሁ። ጸሐፊዎቹ ግን እዚያ ላይ ያቆማሉ። ስምምነቱ መሣሪያ ፈላጊው በቂ ምክንያት እንዲያቀርብ፣ 28 ቀን እንዲጠብቅና እያንዳንዱ መሣሪያ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ራስን መከላከልን እንደ በቂ ምክንያት አይቀበልም። መሣሪያ መሰብሰቡ የአንድ ወቅት ሥራ ነበር፤ እነዚህ ግን የየዕለት ሥራ ናቸው። በሌላ በኩል የአውስትራሊያ የመሣሪያ ሞት ከ1996 በፊትም መቀነስ ጀምሮ ስለነበር የለውጡን መንሥኤ ሁሉ ለሕጉ ብቻ መስጠት አይገባም። አሜሪካ በ1994 በአንዳንድ የጠመንጃ ዓይነቶች ላይ የጣለችው እገዳም የከለከለው አዲስ ምርትን ነበር፤ ቀድሞ በሰው እጅ የነበረው በሕጋዊነቱ ቀጠለ፣ እገዳውም በ2004 ጊዜው አልፎ ቀረ። ውጤቱ ግልጽ ነው ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ ከማስረጃው በላይ እየተናገረ ነው።

ፈቃድንና ምዝገባን ማደባለቅ ሌላው ስህተት ነው። ፈቃድ ሰውን ይመለከታል፣ ምዝገባ ደግሞ መሣሪያውን። ካናዳ የረጅም ጠመንጃዎችን ምዝገባ በ2012 ስትሰርዝ የባለቤቶቹን ፈቃድ አልሰረዘችም፤ ይህን የማይለይ ጸሐፊ ካናዳ ቁጥጥሯን ተወች ብሎ ይደመድማል።

ከፊል አውቶማቲክን አውቶማቲክ ብሎ መጻፍ ትንሽ ስህተት ይመስላል፤ አይደለም። የመጀመሪያው ቃታ አንድ ጊዜ ሲሳብ አንድ ጥይት ብቻ ይተኩሳል፤ ሁለተኛው ቃታው እስካልተለቀቀ ድረስ ይተኩሳል። በአሜሪካ አውቶማቲክ መሣሪያ ከ1934 ጀምሮ በፌዴራል ደረጃ ይመዘገባል፤ ለሲቪል የሚሸጥ አዲስ ምርትም ከ1986 ጀምሮ ተከልክሏል። መሣሪያ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ስህተት ሲያይ የቀረውን ክርክር ማንበብ ያቆማል፤ እኔም አልፈርድበትም።

የመሣሪያ ባለቤቶችን አንድ ልብና አንድ ሐሳብ ያላቸው አድርጎ መሳልም በብዛት ያጋጥመኛል። አዳኙ፣ ዒላማ ተኳሹ፣ ከአባቱ የወረሰው፣ ለራሱ ደኅንነት የሰጋው የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ባህሉም ይለወጣል። በ1999 በተደረገ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ከአሜሪካ የመሣሪያ ባለቤቶች ግማሽ ያህሉ ዋና ምክንያታቸው አደን እንደሆነ ሲናገሩ፣ በ2023 በፒው የምርምር ማዕከል ጥናት 72 በመቶው ራስን መጠበቅን ዐቢይ ምክንያት አድርገው ጠቅሰዋል። ዛሬ የቁጥጥር ተቃዋሚ በመሆን የሚታወቀው የአሜሪካ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበርም በ1871 የተቋቋመው የተኩስ ችሎታን ለማሻሻል ነበር፤ ፖለቲካዊ ትግልን ዋና ሥራው ያደረገው በ1977 በሲንሲናቲ ጉባኤ አባላቱ አመራሩን ከለወጡ በኋላ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የዛሬውን አሰላለፍ ከጥንት የነበረና ሊለወጥ የማይችል አድርጎ ያቀርበዋል። መሣሪያ የመያዝ መብትን የሚደነግገው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሁለተኛ ማሻሻያም እንዲሁ በሁለት ጫፍ ይጠቀሳል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 መብቱ የግለሰብ መሆኑን ሲያረጋግጥ በዚያው ውሳኔ ገደብ የለሽ አለመሆኑንም ተናግሯል፤ በ2024 ደግሞ በቤት ውስጥ ጥቃት የተነሣ የፍርድ ቤት እገዳ የተጣለበት ሰው መሣሪያ እንዳይዝ መከልከሉን 8 ለ1 በሆነ ድምፅ አጽድቋል።

በመጨረሻ የማነሣው «ወንጀለኛ ሕግ አያከብርምና ሕጉ ንጹሑን ብቻ ይጎዳል» የሚለውን ነው። በአሜሪካ በወንጀለኛ እጅ የሚገኘው መሣሪያ አብዛኛው መጀመሪያ በሕጋዊ መንገድ የተሸጠ ነው፤ ወደ እርሱ የሚደርሰው በስርቆት፣ በሌላ ሰው ስም በሚፈጸም ግዢ ወይም የገዢው የኋላ ታሪክ በማይጣራበት የግለሰቦች ሽያጭ ነው። በ1993 የወጣው ብሬዲ የተባለው የፌዴራል ሕግ ይህን ማጣራት የሚጠይቀው ፈቃድ ካላቸው ነጋዴዎች ነው፤ በግለሰቦች መካከል የሚደረገውን ሽያጭ የሚቆጣጠሩት አንዳንድ ግዛቶች ብቻ ናቸው። ሜክሲኮ በተቃራኒው ሕጋዊ ሽያጭን በመከላከያ ሚኒስቴሯ ሥር አድርጋ ለረጅም ጊዜ በመዲናዋ ባለ አንድ መደብር ብቻ ወስናው ቆይታለች፤ ሆኖም አገሪቱ ውስጥ ከወንጀለኞች ተይዞ ምንጩ በአሜሪካ ባለሥልጣናት ከሚጣራው መሣሪያ አብዛኛው ከሰሜኑ ድንበር ማዶ የገባ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ስለ ሜክሲኮ ጥብቅ ሕግ መክሸፍ የሚጽፍ ሰው በአሪዞናና በቴክሳስ ያሉትን መደብሮች የሚገዛውን ሕግ አብሮ መመርመር አለበት፤ መሣሪያው የተሸጠው በዚያ ሕግ ሥር ነውና።