በፓታፕስኮ ወንዝ ዳር ስንጓዝ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው የምንኖር ኢትዮጵያውያን ቅዳሜ ጠዋት እየተሰባሰብን በሜሪላንድ ወደሚገኘው ፓታፕስኮ ቫሊ ስቴት ፓርክ መሄድ ከጀመርን ዓመታት ተቆጥረዋል። አዘውትረን የምንጓዘው በኦሬንጅ ግሮቭ ከወንዙ ዳር ተነሥቶ፣ በካስኬድ ፏፏቴ በኩል ኮረብታውን ወጥቶ፣ ዞሮ ወደተነሣበት የሚመልሰውን መንገድ ነው። መንገዱ «መካከለኛ» ስለሚባል አዲስ መጪዎችን ይዘን እንሄዳለን፤ እነርሱም በየዓመቱ ያንኑ ስህተት ሲደግሙ አያለሁ።

«መካከለኛ» የሚለው ምደባ የመንገዱን ርዝመትና አቀበት እንጂ የዕለቱን ሁኔታ አይገልጽም። በደጋ ያደጉ ሰዎች «ይህማ ምኑ አቀበት ነው!» ሲሉ እሰማለሁ። እውነታቸውን ነው፤ ነገር ግን እዚህ ሰው የሚጎዳው ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ፣ እርጥብ ቅጠል የሸፈነውን የዛፍ ሥር ሲረግጥ ነው። ሶሉ የተላጠ ስኒከር ተጫምታችሁ አትምጡ።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ወደ ኋላ መመለስን እንደ ሽንፈት የመቁጠር ልማድ ነው። በሄዱበት በሚመለሱበት መንገድ ላይ የደከመው ሰው ፊቱን ማዞር አይከብደውም። መንገዱ ዙሪያ ጥምጥም ሲሆን ግን፣ ግማሹን ካለፈ በኋላ «መኪናው በፊት በኩል ይቀርባል» የሚል ሐሳብ ያድርበትና ከፊቱ የሚጠብቀው ምንም ይሁን ምን ለመጨረስ ይጣደፋል። በካስኬድ ጅረት ላይ ድልድይ ሳይሆን ድንጋይ እየረገጡ የሚሻገሩባቸው ቦታዎች አሉ። በደረቅ ቀን ሕፃን ይሻገራቸዋል፤ ብርቱ ዝናብ በጣለ ማግሥት ግን ድንጋዮቹን ውኃ ይውጣቸዋል፣ ውኃውም ስለሚደፈርስ ታቹ አይታይም። እኔ ራሴ በአንድ የሚያዝያ ቅዳሜ ስምንት ሰዎች እየመራሁ፣ ጅረቱ ጉልበት ደርሶ ሳለ፣ መኪናችን ጋ ለመድረስ ግማሽ ማይል ብቻ ስለቀረን «እጅ ለእጅ ተያይዘን እንሻገር» አልኩ። መሐል ላይ የአንዲት እህት እግር ተንሸራተተ፤ ስትወድቅም ግራና ቀኝ የያዟትን ሁለት ሰዎች ጎትታ ጣለቻቸው፤ ሦስቱም ከታች በወደቀ ግንድ ተይዘው ተረፉ። ግንዱን በኋላ ሄጄ አየሁት፤ ውኃው ትንሽ በርትቶ ቢሆን ኖሮ ከሥሩ አስገብቶ የሚያስቀራቸው ዓይነት ነበር። በፍጥነት የሚወርድ ውኃ 6 ኢንች ብቻ ቢሆን እንኳ አዋቂን ከእግሩ ይነቅላል። ከዚያ ወዲህ ታቹ በማይታይ ውኃ ማንንም አላሻግርም፤ የቀረን መቶ እርምጃ ቢሆንም የመጣንበትን ሦስት ማይል ደግመን እንመለሳለን፤ የሚቆጣኝም ይቆጣ።

ሌላው ስህተት የራስን ሰማይ ብቻ አይቶ ስለ ወንዙ መፍረድ ነው። ከኦሬንጅ ግሮቭ ሽቅብ በሚገኘው በኤሊኮት ሲቲ ሐምሌ 30 ቀን 2016 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በሁለት ሰዓት ውስጥ 6 ኢንች ገደማ ዝናብ ጥሎ ዋናው መንገድ ጎርፍ ሆነ፤ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ግንቦት 27 ቀን 2018 ደግሞ ተደገመ። ያ ሁሉ ውኃ የሚወርደው እኛ ወደምንጓዝበት ሸለቆ ነው። ስለዚህ ትንበያ ስታዩ የወንዙን የላይኛውን ክፍልም እዩ። ብሎድ የሚባለው አሮጌ ግድብ በ2018 መፍረስ ስለጀመረና ዛሬ ስለሌለ ወንዙ ለዋና ምቹ ሆኗል ብላችሁም አትግቡ።

መዥገርን የሚንቁም ብዙዎች ናቸው። አገር ቤት ከብት ላይ ያየነው ትልቅ ስለሆነ፣ ላይም የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈውን ትንሿን አናስተውላትም፤ በግንቦትና በሰኔ የምትበዛው ግልገሏ ከጤፍ ቅንጣት ብዙም አትበልጥም። አንድ ወንድማችን ከጉልበቱ ኋላ ያገኛትን በክብሪት ሊተኩሳት ሲል ደርሼ አስቁሜዋለሁ። እሳትም ሆነ ቅባት አያስፈልግም፤ ጫፉ በቀጠነ ወረንጦ ከቆዳው ተጠግቶ መያዝና ሳያጣምሙ ቀጥ አድርጎ መሳብ ይበቃል። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚተላለፈው ከአንድ ቀን በላይ ተጣብቃ ስትቆይ ስለሆነ፣ በዚያው ምሽት ብብትን፣ ብሽሽትንና የልጆችን የፀጉር ሥር መፈተሽ ዋጋው ትልቅ ነው። በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ወይም እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ምልክት ከታየ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

በአንድ ዘንግ ላይ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚበቅል ቅጠል አትንኩ፤ ቆዳን ክፉኛ የሚያሳክከው ፖይዝን አይቪ የሚባለው ተክል ሊሆን ይችላል፤ ከነካችሁ ቶሎ በሳሙና ታጠቡ።

የሰዓት ነገርም ችላ አይባልም። «ሦስት ሰዓት እንገናኝ» ብለን ቀጥረን፣ እዚህ ብዙ የኖረ አንድ ወዳጃችን በአሜሪካ አቆጣጠር ተረድቶ እኛ ስንጨርስ ደርሷል፤ አጋጣሚው ታኅሣሥ ስለነበር ብቻውን ሲጓዝ ጨለመበትና በስልኩ መብራት ወረደ። በታኅሣሥ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከ11 ሰዓት በፊት ትጠልቃለች፤ ሸለቆው ውስጥ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ይጨልማል፣ ስልክም በየቦታው አይሠራም። ቀጠሮ ስትሰጡ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚለውን ቃል ጨምሩበት።

በመጨረሻ የጾምን ጉዳይ በአክብሮት አነሣለሁ። በፍልሰታ አንድ ረቡዕ፣ እናታችን የምንላቸው አንዲት ሴት ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ አብረውን ወጡ፤ ሙቀቱና አቀበቱ ተደራርበው ከኮረብታው ጫፍ ላይ ራሳቸውን አዞራቸው። ጾማቸውን ሊፈቱ አልፈለጉም፤ እኛም ልናስገድዳቸው አልቻልንም፤ ጥላ ሥር አስቀምጠን፣ ፊታቸውን በውኃ እያራስን፣ ቀስ ብለን ለማውረድ ሦስት ሰዓት ፈጀብን። ጥፋቱ የእርሳቸው ሳይሆን ያን ቀንና ያን መንገድ የመረጥነው የእኛ ነበር። አሁን በጾም ወራት በሥራ ቀን ስንወጣ የኮረብታውን መንገድ ትተን፣ ተንጠልጣዩን ድልድይ ተሻግረን፣ ግሪስት ሚል በሚባለው አስፋልት በለበሰ ሜዳማ መንገድ በወንዙ ዳር እንሄዳለን፤ እርሳቸውም አብረውን ይመጣሉ።