ከኩሬ እስከ ገበታ፦ በእርባታ ዓሣ ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ቆሮሶና አምባዛ በኩሬ በሚያረቡ ሰዎች ዘንድ «እሳት ያየ ነገር አይጎዳም» የሚል መተማመን አለ። እሳት ባክቴሪያን ይገድላል፤ በዓሣው ሥጋ ውስጥ የተከማቸን ሜርኩሪ ወይም የመድኃኒት ቅሪት ግን አያስወግድም። ስለዚህ ኩሬው ዳር የተሠራን ስህተት ሁሉ ወጥ ቤት ያርመዋል ማለት አይቻልም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ትኩስ ፍግን በቀጥታ ወደ ኩሬ መጨመር ነው። የዶሮ ኩስ ቆሮሶ የሚመገባቸውን ደቂቅ የውኃ ዕፅዋት ስለሚያበዛ፣ አንዳንዶች የዶሮውን ቤት ከኩሬው በላይ ይሠሩታል፤ ለመኖ ወጪ ቁጠባ ጥሩ ዘዴ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ከኩሱ ጋር ሳልሞኔላና ኢ. ኮላይ ወደ ውኃው ይገባሉ። ዓሣው እነዚህን ባክቴሪያዎች ራሱ ሳይታመም በቆዳው፣ በስንጥቡና በአንጀቱ ሊሸከም ስለሚችል፣ ዓይኑ የጠራና ሲዋኝ ቀልጣፋ መሆኑ ለንጽሕናው ማረጋገጫ አይሆንም። ፍጉ በሚገባ ተብላልቶ መጨመር፣ ዓሣው ከመያዙ በፊት ደግሞ መቋረጥ አለበት፤ ከዚያም ዓሣውን በንጹሕ ውኃ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ያለ መኖ ማቆየት አንጀቱን ባዶ ያደርገዋል።

የሻገተ ፋጉሎ ወይም ፍሩሽካ «ለዓሣ ምን ይሆናል» ተብሎ መሰጠት የለበትም። በሻጋታው ሳቢያ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ የዓሣውን ጉበት ይጎዳል፣ መኖውን ማሞቅም አያጠፋውም።

ያለ ባለሙያ ትእዛዝ አንቲባዮቲክ መስጠትና የመድኃኒቱ ቅሪት ከሥጋው እስኪወጣ ሳይጠብቁ መሸጥም ሌላው ጥፋት ነው። ለፈንገስ ሕክምና ሲባል የሚጨመረው ማላካይት ግሪን የተባለው ቀለም በሥጋው ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ በመሆኑ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ኅብረት ለምግብነት በሚረባ ዓሣ ላይ እንዳይውል ተከልክሏል።

በዕርድ ጊዜ ደግሞ ቢላዋው ጠለቅ ብሎ አንጀቱን ከቀደደ፣ የአንጀቱ ፈሳሽ በነጩ ሥጋ ላይ ይፈስሳል፤ ከዚያ ሃያ ዓሣ በታጠበበት በአንድ ባልዲ ውኃ ፊሌቶውን ማለቅለቅ ብክለቱን ለሁሉም ማዳረስ ነው። የሚፈስ ንጹሕ ውኃ መጠቀም፣ መክተፊያውንም መለየት ያስፈልጋል። የተዘጋጀው ዓሣ ወዲያው በረዶ ላይ ይቀመጥ፤ ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ ግን በማቀዝቀዣ ውስጥም ስለሚራባ ማቀዝቀዣ ለብዙ ቀናት ዋስትና አይሆንም።

በመጨረሻም፣ ጥሬ ዓሣን በሎሚና በሚጥሚጣ ማሸት በስህተት እንደ ማብሰል ይቆጠራል። ሎሚው ሥጋውን ያነጣዋል፣ ባክቴሪያውን ግን በአስተማማኝ ሁኔታ አይገድልም። ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ7 ቀናት ማቆየትም ጥገኛ ትላትልን እንጂ ባክቴሪያን አያጠፋም። በተለይ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ጥሬም ሆነ ለብለብ መቅረብ የለበትም። ዓሣው መሐሉ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይገባል፤ ቴርሞሜትር ከሌለ፣ ወፍራሙን ክፍል በሹካ ሲነኩት ሥጋው ብርሃን የማያሳልፍ ነጭ ሆኖ በቀላሉ እየተላቀቀ የሚለያይ መሆኑን ማየት ይቻላል።