አዲስ አስተዳደር ሲመጣ ደብተር ያዙ

ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ቅመም እሸጣለሁ። አዲስ መንግሥት ሲመጣ ሰው ሁሉ «ጊዜ ስጧቸው» ይላል። እኔም እሰጣለሁ፤ ግን ቀን ቆጥሬ ነው።

መጀመሪያ ደብተር ግዙ። በአንድ ገጽ የከፈላችሁትን ግብር ከነደረሰኝ ቁጥሩ ጻፉ። በሌላው ውሃ የመጣበትን ቀን፣ መብራት የጠፋበትን ሰዓት። ሦስት ወር ጻፉና ከጎረቤት ጋር ቀበሌ ሂዱ። «ውሃ የለም» ከማለት «በጥቅምት ወር ውስጥ አራት ቀን ብቻ መጣ» ማለት ይሻላል።

የጎርፍ ቦይ ግን ሦስት ወር አይጠብቅም። በ1998 ክረምት የከተማችን ወንዝ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ቦይ ተደፍኖ ካያችሁ በዚያው ቀን ተናገሩ።

ግብሩ ከበዛባችሁም አትታገሡ። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሳችሁ በ21 ቀን ውስጥ ነው። አንድ ዓመት «አዲሶቹ ያስተካክሉታል» ብዬ ስጠብቅ ቀኑ አለፈብኝ። ሙሉውን ከፈልኩ፤ የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ዘገየ። እስከዛሬ ይቆጨኛል። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱን ስታስገቡ፣ በሌላው ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጋችሁ ቤት አስቀምጡት።