የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ሽንት ሲያመልጠው ቤት ውስጥ እንዴት ይረዳል?

ሽንት ማምለጥ ሲጀምር ብዙ ቤተሰብ በቀጥታ ዳይፐር ይገዛል። ቆየት ይበሉ። ብዙ ጊዜ የሽንት ፊኛው ደህና ሆኖ ታማሚው ሽንት ቤቱ የት እንዳለ ወይም ቀበቶ እንዴት እንደሚፈታ ጠፍቷቸው ሊሆን ይችላል።

1. መጀመሪያ ያስመርምሩ። በተለይ በድንገት ከመጣ «በሽታው ነው» ብለው አይለፉት። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ስኳር፣ የፕሮስቴት (በወንዶች ፊኛ ሥር ያለ እጢ) ችግር ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። የሆድ ድርቀትንም አይርሱ፤ የተጠራቀመ ሰገራ ፊኛውን ይጫናል። ለፊኛ የሚሰጡ እንደ ኦክሲቡቲኒን ያሉ መድኃኒቶች ግራ መጋባቱን ሊያባብሱ ስለሚችሉ ሐኪሙን ይጠይቁ።

2. ለጥቂት ቀናት ሰዓቱን ይመዝግቡ፦ መቼ ጠጡ፣ መቼ ሸኑ፣ መቼ አመለጣቸው።

3. ከዚያ ቀድመው ይውሰዷቸው። በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ፣ እንዲሁም ከእንቅልፍ ሲነሱ፣ ከምግብ በኋላና ከመኝታ በፊት። «ሽንትዎ መጥቷል?» ብለው ከጠየቁ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «አልመጣም» ነው። «ይነሱ፣ በዚህ በኩል እንሂድ» ማለት ይሻላል። ከተቁነጠነጡ፣ ልብሳቸውን ከጎተቱ ወይም ወዲያ ወዲህ ካሉ ሰዓቱን አይጠብቁ። ሽንት ቤት ከገቡ በኋላም አያጣድፏቸው።

4. ሽንት ቤቱ በቀላሉ ይታይ። በሩ ክፍት ይሁን፣ ሌሊት መብራት ይብራ፣ በሩ ላይ ሥዕል ይለጠፍ። ነጭ መቀመጫ በነጭ ወለል ላይ አይለይም፤ ደማቅ ቀለም ያለው ክዳን ቢገጠምለት ይረዳል። ባልዲና የአበባ ማስቀመጫ ሽንት ቤት ሊመስላቸው ስለሚችል ከአካባቢው ያንሱ። መስታወት ካለ ይሸፍኑት፤ ውስጥ ሌላ ሰው ያለ መስሏቸው አልገባም ሊሉ ይችላሉ። ልብሱም አዝራር ከሚበዛበት ወገቡ ላስቲክ የሆነ ይሁን።

5. ውሃ አይከልክሏቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ውሃ ሲያንስ ሽንቱ ወፍሮ ፊኛውን ያስቆጣል፣ የሆድ ድርቀትም ይመጣል። የሚቀነሰው ቡናና ሻይ ነው፣ ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ደግሞ መጠጡ በጥቅሉ።

6. ሲያመልጣቸው አይቆጡ፣ ሰው ፊትም አያንሱት። ለብ ባለ ውሃ ያጥቡ፤ ሴት ከሆኑ ከፊት ወደ ኋላ። ሳያሹ አድርቀው ቫዝሊን ወይም ዚንክ ያለው ቅባት ስስ አድርገው ይቀቡ። ፍራሹን ውሃ በማያሳልፍ ጨርቅ ይሸፍኑት። ዳይፐር እዚህ ላይ ይጠቅማል፣ በተለይ ለሌሊትና ለጉዞ፤ ግን እንደረጠበ ይቀየር።

ትኩሳት፣ ሽንት ላይ ደም፣ ድንገተኛ ግራ መጋባት ወይም ጭራሽ አለመሽናት ካዩ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው።