ሂት ሲንኩ ቀዝቃዛ፣ ፕሮሰሰሩ 97 ዲግሪ፦ የፕሮሰሰር ክዳን መቼ ይነሳል፣ እንዴት ይነሳል

አንድ ቪዲዮ የሚያቀናብር ልጅ ዴስክቶፑን ተሸክሞ መጣ። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሊያሳብደኝ ነው። ቴርማል ፔስቱን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። ፋኑንም በትልቅ ተካሁት። ሬንደር ስጀምር ግን 97 ይገባል» አለኝ። ቴርማል ፔስት ማለት በፕሮሰሰሩና ከላዩ ተቀምጦ ሙቀቱን በሚወስደው ብረት፣ በሂት ሲንኩ፣ መካከል የሚቀባው ነው። ከፈትኩት። ውስጡ ንጹሕ ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ7 7700ኬ ነው። ሬንደሩን፣ የተቀናበረውን ቪዲዮ ወደ መጨረሻ ፋይል የመለወጡን ሥራ፣ አስጀመርነው። ቁጥሩ ከ38 ተነስቶ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ 90ን አለፈ። እጄን ሂት ሲንኩ ላይ አሳረፍኩ። ለብ እንኳን አላለም።

ሙቀቱ አለ፣ ሂት ሲንኩ ጋ ግን አልደረሰም። መንገድ ላይ ቀርቷል። የት እንደቀረ ሳያጣሩ ምላጭ ማንሳት ደህናውን ፕሮሰሰር መግደል ነው። የፕሮሰሰሩን ክዳን፣ ማለትም የላዩን ብረት፣ እናንሳ ብለው ከሚመጡልኝ ውስጥ አብዛኞቹ ማንሳት አያስፈልጋቸውም።

ምልክት፦ ሙቀቱ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ሂት ሲንኩም ይፋጃል

ይሄ የክዳን ጉዳይ አይደለም። ሂት ሲንኩ ሙቀቱን ተቀብሏል፤ የሚወስድለት አየር ነው ያጣው። አቧራውን አራግፉ። ፋኑ መዞሩንና ወደየት እንደሚነፍስ እዩ። የኬዙን ጎን ከፍታችሁ ሞክሩት፤ ሙቀቱ ከወረደ ችግሩ የኬዙ አየር ነው። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ያው ፋን በያው ፍጥነት እየዞረ፣ ጅቡቲ ላይ የሚያነሳውን ያህል ሙቀት እዚህ አያነሳም። ደግነቱ ቤታችን ቀዝቃዛ ነው።

ምልክት፦ ቁጥሩ በአንዴ ይዘላል፣ ሂት ሲንኩ ግን ቀዝቃዛ ነው

የልጁ ማሽን እንዲህ ነበር። ግን እዚህም ላይ አትቸኩሉ፤ ይህንኑ ምልክት የሚያመጡ ሌሎች ነገሮች አሉ።

መጀመሪያ አቀማመጡን እዩ። ከኢንቴል ጋር አብሮ የሚመጣው ሂት ሲንክ አራት የፕላስቲክ እግር አለው። አንዱ እግር ሳይገባ ከቀረ ሂት ሲንኩ ያዘነብላል፤ ከላይ ሲታይ ግን ደህና ይመስላል። ማዘርቦርዱን ገልብጡና አራቱም ጥቁር ጫፎች በቀዳዳው ወጥተው መከፈታቸውን ተመልከቱ። ከሂት ሲንኩ ስር መነሳት የነበረበት ላስቲክ ሳይነሳ የተገጠመም አጋጥሞኛል። የሚያሳፍር ነገር ነው፣ ግን ያጋጥማል።

ቀጥሎ ቮልቴጁን እዩ። ብዙ ማዘርቦርዶች «አውቶ» ላይ ሲተዉ ፕሮሰሰሩ ከሚፈልገው በላይ ይሰጡታል። ባዮስ ውስጥ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ገብታችሁ 0.05 ቮልት ያህል ዝቅ አድርጉና ማሽኑ ሳይዘጋ መሥራቱን ፈትሹ። ይህ ብቻውን ብዙ ዲግሪ ሊያወርድ ይችላል፤ ደግሞም ነፃ ነው።

ልጁ ማሽን ላይ ሁለቱንም ሞከርን። ቮልቴጁ ሲቀንስ 91 ላይ ቆመ። አቀማመጡ ምንም እንከን አልነበረውም። የቀረው ክዳኑ ነው።

ምክንያቱ፦ ክዳኑ ስር ያለው ክፍተት

ስሙ የተጻፈበት ብረት የፕሮሰሰሩ ክዳን ነው፤ ኒኬል የተቀባ መዳብ። ሥራውን የሚሠራው ቺፕ ከስሩ ነው ያለው። መጠኑ ከአውራ ጣት ጥፍር ያንሳል። ኢንቴል እስከ 2011ዱ የሳንዲ ብሪጅ ትውልድ ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በዋና ዋና የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ላይ ክዳኑን ከቺፑ ጋር ኢንዲየም በሚባል ለስላሳ ብረት ይበይደው ነበር። በ2012 በአይቪ ብሪጅ ብየዳውን ትቶ በፔስት ተካው። ከዚያ የመጡት ሃስዌል፣ ስካይሌክ፣ ኬቢ ሌክ (የልጁ 7700ኬ ከዚህ ነው) እንዲሁም 8700ኬ ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ወደ ብየዳው የተመለሰው በ2018፣ በ9900ኬ ነው።

ሰው ሁሉ ፔስቱን ይረግማል። እኔ በበለጠ የምከሰው ሙጫውን ነው። ክዳኑን ዙሪያውን የያዘው ጥቁር ሲሊኮን የራሱ ውፍረት ስላለው ክዳኑን ከቺፑ ላይ በፀጉር ውፍረት ያህል ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። ያንን ክፍተት የሚሞላው ፔስት ደግሞ ሙቀት በማሳለፍ ከመዳብ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ልጁ ሦስት ጊዜ ፔስት የቀየረው ከክዳኑ በላይ ነው። ችግሩ ከክዳኑ በታች ነበር።

እንግዲህ የእናንተ ፕሮሰሰር የትኛው ነው? የተበየደ ከሆነ ተዉት። ኢንዲየም የሚቀልጠው 157 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በቀዝቃዛው ከጎተታችሁት ክዳኑ ቺፑን ሰንጥቆት ሊነሳ ይችላል። ተሳክቶላችሁ ብትገላገሉ እንኳ የምታገኙት ትርፍ ትንሽ ነው። ከሌላው አምራች ከኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰሮች አብዛኞቹ የተበየዱ ናቸው፤ ከ2018ቹ 2200ጂ እና 2400ጂ ግን ፔስት አላቸው። ላፕቶፕ ይዞ መጥቶ ክዳኑን አንሳልኝ ያለኝም ሰው አለ። የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ክዳን የለውም። ሂት ሲንኩ ቺፑ ላይ በቀጥታ ነው የሚያርፈው።

መፍትሄው፦ ማንሳት

በምላጭ የሚያነሱ አሉ። እኔም የመጀመሪያዬን በምላጭ ነው ያነሳሁት፤ አሮጌ 3770 ነበር። ሲሊኮኑን እየቆረጥኩ ስሄድ ጥግ ላይ ምላጩ ወደ ታች ዘመመ። ቺፑ የተቀመጠበት አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ የፀጉር ያህል ጭረት ወጣ። መዳብ ብልጭ ሲል አየሁት። አበቃ። ሰሌዳው ውስጥ በንብርብር የተዘረጉ ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች አሉ፤ አንዷ ከተቆረጠች የምትጠገን አይደለችም። ከስካይሌክ ወዲህ ደግሞ ሰሌዳው ይበልጥ ቀጭን ነው፤ ሲጫኑት ይለመጣል።

አሁን የምጠቀመው ቶርኖ ቤት ያሠራሁትን መያዣ ነው። ተዘጋጅቶ የሚሸጥም አለ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሰሌዳው በልኩ በተቆፈረ ቦታ ይቀመጣል፣ አንድ ተንሸራታች ክዳኑን በጎኑ ይይዘዋል፣ ብሎኑ ሲጠብቅ ክዳኑ ወደ ጎን ይገፋል። ሞርሳ ያለው በሞርሳም ይሠራዋል፤ ግን መንጋጋው አንድ ሚሊሜትር ከዘመመ ሰሌዳው ነው የሚታጠፈው። ሲሊኮኑን አስቀድማችሁ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጉት። ከዚያ ብሎኑን በሩብ ዙር፣ በሩብ ዙር። ሲላቀቅ «ጠቅ» ይላል። ልጁ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ያቺን ድምፅ ሲሰማ «ሞተ?» አለኝ። አልሞተም። ክዳኑ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ተንሸራቶ ነበር። የስሩ ፔስት ደርቆ እንደ ኖራ ሆኗል።

ፔስቱን በአልኮል በነከራችሁት ጥጥ ጥረጉ። የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮል ይሠራል፤ ውሃ ስላለው ግን በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁ። ጥቁሩን ሲሊኮን ጊዜው ባለፈ የኤቲኤም ካርድ ፈቅፍቁ። ካቻቪቴ አታስጠጉ። ከክዳኑም ከሰሌዳውም ሙሉ በሙሉ ይነሳ። እዚህ ላይ የሰነፈ ሰው ያንኑ ክፍተት መልሶ ይገነባል።

ከዚያ ሊኩዊድ ሜታል (ፈሳሽ ብረት)። የጋሊየም፣ የኢንዲየምና የቆርቆሮ ቅይጥ ነው። ሙቀት በማሳለፍ ከፔስት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ችግሩ ኤሌክትሪክም ያሳልፋል። 7700ኬ ላይ ከቺፑ ጎን ጥቃቅን እርቃን ነጥቦች አሉ፤ ሃስዌል ላይ ደግሞ ትናንሽ ክፍሎች ተደርድረዋል። ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ቀቧቸውና እስኪደርቅ ጠብቁ። አልሙኒየም አጠገብ ደግሞ ፈጽሞ አታድርሱት፤ ጋሊየም አልሙኒየምን ያፈራርሰዋል።

መጠኑ ከግማሽ ምስር አይበልጥ። ጠብታው መጀመሪያ ላይ፣ ምጣዱ ግሎ እንደሆነ ለማየት እንደምንረጨው ውሃ ቺፑ ላይ ይንከባለላል፣ አልይዝም ይላል። በጆሮ ጥጥ ሳትጫኑ እሹት። ድንገት ይይዝና እንደ መስታወት ይዘረጋል። ቺፑ የሚያርፍበትን የክዳኑን ውስጠኛ ክፍልም እንዲሁ ቀቡ። ከዳር የተረፈውን ሜታሉ በመጣበት መርፌ መልሳችሁ ምጠጡ።

ክዳኑን ስትመልሱ በአራቱ ጥግ ላይ ሙቀት የሚችል ሲሊኮን አንዳንድ ነጥብ ይበቃል። ሶኬቱ ላይ አስቀምጣችሁ የብረት ማቀፊያውን ስትዘጉ ክዳኑን ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል፤ በጣት ያዙት። እዚያው ተጭኖ ይድረቅ፣ ለሌሊቱ ተዉት። በማግስቱ ያው ሬንደር 76 ላይ ቆመ። በዚህ ትውልድ ላይ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ መውረድ የተለመደ ነው።

ምልክት፦ ከተነሳ በኋላ ማሽኑ አይነሳም

ወዲያው ሞተ አትበሉ። ፕሮሰሰሩን አውጥታችሁ የሶኬቱን መርፌዎች በባትሪ ብርሃን በአግድም እዩ። አንዷ ከጎረቤቶቿ የተለየ ጥላ ካላት ተጣማለች ማለት ነው። ከስር ያሉትን የወርቅ ነጥቦች በአልኮል ጥረጉ፤ የጣት ቅባትም የሲሊኮን ፍቅፋቂም እዚያ ይቀራል። ሁለት ራም ካላችሁና አንዱ ብቻ ከታየ ደግሞ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የተጣመመ መርፌ ወይም እኩል ያልጠበቀ ሂት ሲንክ ነው። ብሎኖቹን አላልታችሁ በሰያፍ እንደገና አጥብቁ። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልተነሳ ክዳኑን ከፍታችሁ ሊኩዊድ ሜታል የሾለከ እንደሆነ ፈልጉ።

ምልክት፦ አንዱ ኮር ከሌሎቹ በ15 ዲግሪ ይሞቃል

ኮር ማለት ቺፑ ውስጥ ያለ አንድ የሥራ ክፍል ነው። ሜታሉ ያን ጥግ አልያዘውም፣ ወይም ክዳኑ ሲዘጋ ተንሸራቷል። መክፈትና እንደገና መቀባት ነው። ከአምስት፣ ከስድስት ዲግሪ በታች ያለ ልዩነት ግን የተፈጥሮ ነው፤ እንቅልፍ አትጡበት።

ምልክት፦ ለወራት ደህና ቆይቶ ቀስ በቀስ መሞቅ

ኒኬል ያልተቀባ መዳብ ጋሊየሙን ይጠጣዋል። ክዳኑን ለማስተካከል ብለው በብርጭቆ ወረቀት የፈተጉ ሰዎች ላይ ይህ ይመጣል፤ ኒኬሉ ተነስቷላ። አንዴ ደግሞ ቀቡት። መዳቡ ከጠገበ በኋላ ይረጋጋል።

ክዳኑን ጨርሶ መተውስ?

ሂት ሲንኩን ቺፑ ላይ በቀጥታ ማሳረፍ ይቻላል፤ ተጨማሪ ጥቂት ዲግሪ ይገኝበታል። እኔ ለሥራ ማሽን አልመክረውም። የሶኬቱ የብረት ማቀፊያ የሚጫነው የክዳኑን ትከሻ ነው። ክዳን ከሌለ የሚጫነው የለም፤ ስለዚህ ማቀፊያው ወጥቶ ለዚሁ የተሠራ ፍሬም ይገባል። ቺፑም ከክዳኑ ዝቅ ያለ ስለሆነ የሂት ሲንኩ እግሮች ቀድመው መሬት ይነካሉ። ባዮስ ውስጥ፣ ገና ሥራ ሳይጫንበት፣ 100 ዲግሪ ካያችሁ ሂት ሲንኩ ቺፑን አልነካም ማለት ነው፤ ወዲያው አጥፉ። እግሮቹን በማሳጠር አስተካክሉ እንጂ ብሎኑን በኃይል አታጥብቁ። በ2001 የወጣው የኤኤምዲ አትሎን ኤክስፒ ፕሮሰሰር ክዳን አልነበረውም። ሂት ሲንኩ በአንድ ወገን ቀድሞ ሲጫነው ጥጉ እንደ ብርጭቆ ይፈነጠር ነበር። አራቱን ብሎኖች በጣት አስይዙ፣ ከዚያ በሰያፍ እየተቀያየራችሁ ለእያንዳንዱ ሩብ ዙር ብቻ ስጡት። አንዱ ከሌሎቹ ቀድሞ ጠጠር ካለ ወደ ኋላ መልሱና ከመጀመሪያው ጀምሩ።